ከዜማው በፊት

ቡሬ መናኸሪያ፣ ራዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣
ሊስትሮው ጫማዬን እየሰፋልኝ፣ ባንድ እግሬ ቆሜ መንገዱን ሳይ፣
ከውስጥ አንድ ካሴት መዞር ጀመረ፤
እንደ ጤፍ ገለባ ተንኮሻኮሸ፣ ቆየት አለና ጸጥ ብሎ ቀረ።
ከዚያ አንድ ትንፋሽ፤
ከዜማው በፊት የሚሳብ አየር፣ ደረት የሚሞላ፣
ጣት ሳይነሣ፣ ሸምበቆ ሳይነካ፣ ከዝምታው ኋላ።
አለኸኝ፣ አንተ ነህ! ሌላማ ማን አለ፣
ሊነፋ ሲነሣ፣ ዓባይን በዋና ሊሻገር ይመስል አየር የቀለለ?

«የማን ነው?» አልኩት ልጁን። ሽፋኑን አየና፣ ወደ ብርሃን ይዞ፣
«ማሲንቆ፣ ጥጋቤ ሙሉሰው» አለ፣ ፊደሉ ደብዝዞ።
«ዋሽንቱስ?»
«ዋሽንት አልተጻፈም።»
ጥጋቤ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ቃል ግን አልወጣም።

የወረዳው ኪነት ያን ጊዜ ካኪ ሲያለብሰን፣
ላንተ እጅጌው አጥሮ፣ ለኔ ሱሪው ሰፍቶ በሲባጎ ታስሮ፣ ስንቱ ሰው ሳቀብን!
ከሽንዲ እስከ ቋሪት በጭነት መኪና፣ በቆሎው ጆንያ ላይ ተደላድለን፣
አንተ ሸምበቆህን በቢላ ስትፍቅ፣
እኔ ያንዲት ክሬን ጆሮ ስቆነጥጥ፣ ሳጠብቅ ሳላቅቅ፣
«ሳባት» ትለኝ ነበር፤ «ሳባት ጥቂት ደግሞ።
ዋሽንት እንደሆን አይቃኝ፣ አንዴ ተቆርጦ ነው፣ አንዴ ተተልሞ።
እኔ ወዳንተ አልመጣም ጥጋቤ፤
አንተ ነህ የምትመጣው።»

ባለቴፑ መጣ፣ ከማርቆስ ከተማ።
ሌሊቱን ጠበቅን፣ ወፍጮው እስኪቆም፣ ሰፈሩ እስኪስማማ።
የጎረቤት ውሻ ሦስቴ አበላሸን፤ ሲነጋጋ ግን ተቀዳ፤ ደግ ነበር።
ስም ሲጽፍ ጠየቀኝ። አንተ ውጭ ነበርክ፣ ውሻ ስታባርር።
አንድ ስም ነገርኩት።
ለሁለት ስም የሚሆን ቦታ ግን ነበር።

ብሩን እኩል አረግነው። ስለ ስሙ አንድም ቃል አላልክም።
ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወደ ኮሶበር ተሳፈርክ ሲሉኝ፣ «ለምን?» አላልኩም።

ቁጥርህን ያገኘሁት ከበሬ ነጋዴ፣ በሲጋራ ካርቶን ላይ፣
መጨረሻው አኃዝ ላብ በልቶት፣ ሰባት ይሁን አንድ ሳይለይ።
በሰባት ደወልኩ፤ አንዲት ሴት ተቆጣች።
ባንድ ስሞክር ደግሞ የቴሌዋ ሴት ናት፤ «ማግኘት አይችሉም» አለች።
አምስት ቀን ደወልኩ፣ ጠዋትም ማታም።
ብታነሣው ምን እንደምል ብቻዬን ስለማመድ፣
«አለኸኝ?» እላለሁ።
እናትህ ስታወጣው መልስ ነበር ይሄ ስም፤
እኔ አፍ ላይ ሲደርስ ጥያቄ ሆነ እንጂ፣ መጥሪያም አልሆነም።

ካሴቱን ገዛሁት። ሽፋኑን አወጣሁ።
ከስሜ ጎን፣ ያኔ ባዶ በቀረው ላይ፣ በእስክሪፕቶ ጻፍኩ፦
ዋሽንት፣ አለኸኝ ይስማው።
የማሲንቆዬን ጭራ ፈትቼ በሱ ጠቀለልኩት፣
ለቻግኒው አውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት።
«መልእክቱስ?» አለኝ።
«ይኸው ነው።»

በሳምንቱ መጣ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ቡሬ! ቡሬ!» እያለ።
«ሽማግሌውን አገኘኋቸው። የፊት ጥርሳቸው አልቋል፤ ፊታቸው ግን አለ።
ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡና ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤
ክሯን መለሱልህ።»
«ምን አሉ? ምን አሉ?»
«'አዲስ ሸምበቆ ቆርጫለሁ፤ ካሮጌው ይረዝማል፣ ድምፁም ይወፍራል።
አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያርጋት' አሉኝ፤ 'እሱ ያውቀዋል።'»

ማታ ክሯን መለስኩ፣ መቃኛዋን ያዝኩ።
ጥቂት ለቀቅ አረግኋት። አዳመጥኩ።
ገና ናት።
ጥቂት ለቀቅ።